ሰም፣ ጀሶ እና ብርሃን

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ወግዲ የሚወርድ መንገደኛ፣ ሜዳው እየጠበበ ሄዶ ምድሪቱ ባላሰበው ስፍራ ተሰንጥቃ የዓባይ ገደል ፊት ለፊቱ ሲከፈትበት፣ ይህ አገር ስለ ምን ለብዙ መዋዕል ከታላላቅ ከተሞች ተነጥሎ እንደ ኖረ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ከወንዙ ማዶ ያለው ጎጃም ለዐይን ቅርብ ሆኖ ለእግር ሩቅ ነው፤ ወደ ደሴ የሚያደርሰውም ጎዳና ቦረናን አቋርጦ በአቀስታ ብርድ በኩል ዳገት ቁልቁለቱን የሚያስቈጥር ነው። ስለዚህ የወግዲ ሰው ከሩቅ የሚመጣ ነገር ባስፈለገው ጊዜ፣ ስለ ነገሩ ደግነት ከመጠየቁ አስቀድሞ በመንገድ ላይ ሳይበላሽ ይደርስ እንደ ሆነ ይጠይቃል። እኔም ስለ ጥርስ ለመጻፍ ብዕር አንሥቼ በመንገድ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም።

በዛሬ ዘመን የጥርስ ሐኪሞች ብዙ ቀለም ያፈሰሱበት አንድ ክርክር አለ። ጥርሱ ላለቀበት ሰው የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራለት፣ ሲበላ እንዳይነቀነቅ ሲናገርም እንዳይወድቅ፣ በቀሩት የጥርስ ሥሮች ወይም በመንጋጋው አጥንት ውስጥ በተተከሉ የቲታኒየም ችካሎች ላይ ትንንሽ ማያያዣዎች ይደረጉለታል፤ እነዚህም እንደ ልብስ ቁልፍ ወንዴና ሴቴ ሆነው፣ አንዱ በአፍ ውስጥ ቆሞ ሌላው በሰው ሠራሹ ጥርስ ሆድ ተቀብሮ፣ ሲጫኗቸው ጠቅ ብለው የሚገጥሙ ናቸው። እንዲገጥሙ ግን የአፉ ቅርጽ ሳይዛባ ከሠሪው ዘንድ መድረስ አለበት። ክርክሩም ይህን ቅርጽ እንደ ዘልማዱ በአፍ ልክ በተሠራ ሳሕን ላይ ሊጥ የመሰለ ነገር ሞልቶ በማስነከስ መውሰድ ይሻላል፣ ወይስ ብርሃን በሚረጭ ዘንግ ማንበብ ይሻላል የሚል ነው። ነገሩ የትናንት ይመስላል። ታሪኩን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚመረምር ሰው ግን፣ ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሲጠየቅ የኖረው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆኖ ያገኘዋል፤ ይኸውም አንድ ቅርጽ ከባለቤቱ አፍ ወጥቶ እስከ ሠሪው ጠረጴዛ ሲጓዝ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

በወሎ አባቶቻችን ለጥርስ የነበራቸው ጥበብ በመጠበቅና በመንቀል የተወሰነ ነበር። ክርስቲያኑ ማለዳ በወይራ መፋቂያ፣ ጎረቤቱ ሙስሊም ከሶላት በፊት በሲዋክ ጥርሱን ይፍቃል፤ የታመመውንም ጥርስ ወጌሻው በጉጠት ይነቅለዋል። ውበቱም የራሱ ሕግ ነበረው። ሲስቁ የጥርሳቸው ንጣት ጎልቶ እንዲታይ ድዳቸውን በመርፌ የሚነቀሱ ሴቶች ነበሩ፤ በፊት ጥርሶቿ መካከል ክፍተት ያላትንም ጥርሰ ፍንጭት እያሉ ማወደስ የቈየ ልማድ ነው። የወለቀውን መመለስ ግን የማይታሰብ ነበር። ጥርሱ ያለቀበት ሽማግሌ ቆሎውን ለልጆች ትቶ ወደ በሶና ወደ ፍትፍት ይሻገራል፤ ምግቡ ለአፉ ይለሰልስለታል እንጂ አፉ ለምግቡ አይታደስም።

ፈረንጆችም ቢሆኑ ለብዙ ዘመን እጅግ አልቀደሙንም። ባለጠጋው ከዝሆን ወይም ከጉማሬ ጥርስ የተቀረጸ ጥርስ ያስገባ ነበር፤ የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን እንኳ ከጉማሬ ጥርስ የተፈለፈለና በስፕሪንግ የተወጠረ መንጋጋ ይዞ ነው አገር ያስተዳደረው። እዚህ ላይ ፈገግ ሳልል አላልፍም፤ የእኛ ሰው ከጉማሬ ቆዳ አለንጋ ሲያበጅ፣ ፈረንጅ ከዚያው አውሬ አፍ ለራሱ አፍ ያወጣ ነበርና። አሠራሩ የአናጢ አሠራር ነው። በኮምፓስ ይለካል፣ ይፈለፈላል፣ ከሥሩ ቀለም ተቀብቶ ድድ ላይ ይደረጋል፣ ቀለሙ የነካካው ስፍራ ጎድጎድ ይደረጋል፣ እንደገና ይሞከራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባለቤቱ ከሠሪው አጠገብ መገኘት ነበረበት፤ የአፉ ቅርጽ ከእርሱ ተለይቶ ብቻውን መሄድ አልቻለም ነበርና።

ቅርጽን ከባለቤቱ ለይቶ መንገደኛ ያደረገው ሰም ነው። የፕሩስያው ንጉሥ የታላቁ ፍሬድሪክ የጥርስ ሐኪም ፊሊፕ ፋፍ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1756 ባሳተመው መጽሐፍ (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዘመናት፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ ሁሉም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ የለሰለሰ ሰም በድድ ላይ እየተጫነ፣ መንጋጋውም በሁለት ክፍል ተወስዶ ኋላ እየተጋጠመ፣ በሰሙ ጕድጓድ ጀሶ ፈስሶ የአፉ አምሳል እንዴት እንደሚወጣ ገለጸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው አፍ በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ቻለ።

ሰም ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው ምድር ቤተ ዐምሐራ ይባል በነበረ ጊዜ፣ ዐፄ በእደ ማርያም (1468–1478) አትሮንሰ ማርያምን የተከሉበት፣ ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴም በወርቅ ሥራው የታወቀበት አገር ነበር። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ እንኳ፣ መካነ ሥላሴ በ1531 ከመቃጠሉ በፊት ወታደሮቹ ባዩት ወርቅ መደነቃቸውን ሳይጽፍ አላለፈም። የሕንጻው ነዋየ ቅድሳት በምርኮና በእሳት ጠፍቷል። ጥበበ እዱ ግን በአንጥረኛው እጅ ቀረ፤ መስቀል የሚያፈስሰው ባለሙያ የመስቀሉን አምሳል በሰም ቀርጾ፣ በጭቃ ሸፍኖና አድርቆ፣ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ካስወጣ በኋላ፣ ሰሙ በለቀቀው ባዶ ስፍራ የቀለጠውን ማዕድን ያፈስሳል፤ ጭቃውም ሲሰበር መስቀሉ ይወለዳል። የቅኔ መምህሮቻችን ሰምና ወርቅ ያሉት ይህንኑ ነው። ከዓባይ ማዶ ለማዶ ሲመላለሱ የኖሩት የቅኔ ተማሪዎች ቃሉን ከመምህር አፍ ሲሰሙ፣ ብዙዎቹ የአንጥረኛውን ምድጃ በዐይናቸው ያዩ ነበሩና ምሳሌው ለእነርሱ ምሳሌ ብቻ አልነበረም።

አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ዊልያም ታጋርት በ1907 ለሙያ ባልደረቦቹ ያሳየው የወርቅ ጥርስ ሙሊት አሠራርም ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ሰም ይቀረጻል፣ ይሸፈናል፣ ይቃጠላል፣ ወርቅ ይገባል። በአዲስ አበባ ሲስቁ ወርቃቸው ብልጭ የሚልላቸው ሽማግሎች አፋቸው ውስጥ የያዙት፣ በግጥም ሳይሆን በግብር፣ ሰም የለቀቀውን ወርቅ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ እርሱም ለዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ነው። የመስቀሉ ሰም የሠሪውን የራሱን ኅሊና ይሸከማል፤ የፋፍ ሰም ግን የሌላውን ሰው ሥጋ ይሸከማል። አንጥረኛው መስቀሉ ካሰበው ጥቂት ቢለይ ሌላ መስቀል ሠራ ይባላል እንጂ ተሳሳተ አይባልም፤ የጥርስ ሠሪው ግን ከጠጕር ውፍረት ያነሰ ቢሳሳት፣ ስሕተቱን ባለቤቱ በየማዕዱ በድዱ ቍስል ያነበዋል።

የሰም ድካሙም እዚህ ላይ ተገለጠ። ከአፍ ሲስቡት ይለጠጣል፤ ሲሞቅም ይጎብጣል። ደጋ ላይ ቀጥ ብሎ የተጠቀለለ ጧፍ ይዞ ወደ ቆላ የወረደ ዲያቆን፣ ከደረሰ በኋላ ከረጢቱን ሲፈታ ምን እንደሚያገኝ ያውቀዋል።

በ1840ዎቹ ሐኪሞች ጀሶውን ራሱን ወደ አፍ አስገቡት። ጀሶ ማለት በእሳት ውኃው የወጣለት ድንጋይ ነው፤ ዱቄቱ ውኃ ሲመለስለት እንደገና ድንጋይ ይሆናል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይን ገደል በመኪና የወረደ ሰው የዚህን ድንጋይ ንጣፍ በገደሉ ጎን አይቶ አልፏል፤ የእኛ ሰው ግን ጀሶን የሚያውቀው ይበልጡን በግድግዳ ልስንና በተሰበረ እግር ላይ ነው። በአፍ ውስጥ ጀሶ ታማኝ ምስክር ነበር። አይለጠጥም፣ አይጎብጥም። ታማኝነቱ ግን ጭካኔ ነበረበት፤ ጥርስ ከሥሩ ቀጠን ከላዩ ሰፋ ያለ ስለ ሆነ፣ የደረቀው ጀሶ ሳይሰበር አይወጣም ነበርና፣ ሐኪሙ በሰውየው አፍ ውስጥ እየሰነጠቀ ስብርባሪውን ለቅሞ ኋላ እንደ ተሰበረ ገንቦ ይገጥመዋል። አንዲት ስባሪ ከጠፋች ቅርጹ ጠፋ።

በ1848 የጥርስ ሥራ ውስጥ የገባው ጉታ ፔርቻ የተባለ የዛፍ ሙጫ በሙቅ ውኃ ይለሰልሳል፣ ሲበርድም ይጠነክራል። ለንደናዊው የጥርስ ሐኪም ቻርልስ ስቴንት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህን ሙጫ ከስብና ከሌላ ነገር ጋር ቀላቅሎ የተሻለ አደረገው። የሰውየው ስም ያገኘው ዕጣ ያስገርማል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፊታቸው ለተቈራረጠ ወታደሮች ቆዳ የሚለጥፉ ሐኪሞች ይህንኑ ውሕድ እንደ ድጋፍ ተጠቀሙበት፤ ስሙም ከድጋፍ ወደ ድጋፍ እየተላለፈ ሄዶ፣ ዛሬ ልቡን የታመመ ሰው በደም ሥሩ ውስጥ የሚገባለትን ጥልፍልፍ ቧንቧ ስቴንት እያለ ሲጠራ፣ የአንድ ጥርስ ሐኪም ስም እንደሚጠራ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1925 የቪየናው አልፎንስ ፖለር ከባሕር ሣር የሚወጣውን አጋር ለቅርጽ መውሰጃነት አበረከተ፤ ከአፍ ሲወጣ ሳይሰበር የሚለመጥና ተመልሶ የሚቆም ነበር። አጋሩ ይበልጡን ከጃፓን ይመጣ ነበርና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕሩን ሲዘጋ፣ ሐኪሞች በሌላ የባሕር ሣር ወደሚሠራው አልጂኔት ዞሩ። ይህ በአገራችን ክሊኒኮች እስከ ዛሬ ድረስ በውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ውኃ ስለ ሆነ፣ አየር ላይ ቢያቈዩት ይኮማተራል፣ ውኃ ውስጥ ቢነክሩት ያብጣል፤ ስለዚህ ጀሶው ወዲያው፣ ሐኪሙ እጁን ሳይታጠብ ማለት ይቻላል፣ ሊፈስስበት ይገባል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከመጡት ጎማ መሰል ሲሊኮኖች መካከል ግን በ1970ዎቹ የተሻሻሉት ለቀናት ለሳምንታትም ሳይለወጡ ይቈያሉ። በአልጂኔት የተወሰደ የወግዲ ሰው አፍ ጀሶ ሳይፈስስበት ደሴ አይደርስም ነበር፤ በሲሊኮን የተወሰደው ግን በአውቶቡስ ተጭኖ፣ ደሴን አልፎ፣ ሌላ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ቢገባ ያው ነው። እንደ እኔ ሐሳብ ይህ በመላው ታሪክ ውስጥ ታላቁ እርምጃ ነው፤ ብርሃኑ በዝና ቢበልጠውም።

ማያያዣዎቹ ራሳቸው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኸርማን ቼይስ በኒው ዮርክ ካበጃቸው ረቂቅ ገጣሚዎች ጀምሮ ሲሻሻሉ ኖረዋል። ነገሩን አዲስ ያደረገው ግን ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ ነው፤ ቲታኒየም ከሕያው አጥንት ጋር እንደሚዋሐድ አስተውሎ በ1965 የመጀመሪያውን ታካሚ መንጋጋ ላይ ችካል ተከለ። በ2002 በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ሊቃውንትም፣ የታች ጥርሱ ሁሉ ላለቀበት ሰው በሁለት ችካሎች ላይ የሚያዝ ጥርስ ቀዳሚ ምርጫ ይሁን ብለው ተስማሙ። ችካል ከተፈጥሮ ጥርስ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘበት ቀጭን ጅማት አለና ከ25 እስከ 100 ማይክሮን ያህል ይንቀሳቀሳል፤ ችካሉ ግን ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ብቻ። ጥርስ የቅርጽ ወሳጁን ስሕተት እንደ ትዕግሥተኛ ጎረቤት ይችለዋል፤ ችካል አይችልም።

ብርሃኑ የመጣው ከፈረንሳይ ነው። ፍራንሷ ዱሬ በ1973 ለሊዮን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጽሑፍ የአፍን ቅርጽ በብርሃን መውሰድ እንደሚቻል አሰበ፤ በዙሪክ ቬርነር ሞርማንና ማርኮ ብራንደስቲኒ በ1985 ይህን ዐይነት መሣሪያ ከታካሚ ወንበር አጠገብ አቁመው ሙሊት ሠሩበት። የዛሬው ዘንግ ከአውራ ጣት ጥቂት የሚወፍር ነው፤ ብርሃን እየረጨ በሴኮንድ ብዙ ሥዕል ያነሣል፤ ኮምፒዩተሩም ቁራጮቹን ጠርዝ ለጠርዝ እየገጠመ እንደ ድሪቶ ይሰፋቸዋል። ግዙፉ ቅርጽ እዚህ ላይ ረቂቅ ሆነ፤ ክብደት የለውም፣ አይኮማተርም፣ ከመካነ ሰላም ቢላክ ሐኪሙ ጓንቱን ሳያወልቅ አዲስ አበባ ይደርሳል። የማቅለሽለሽ ጠባይ ላለበት ሰውም፣ ሊጥ የተሞላ ሳሕን ጉሮሮው ላይ ከሚቀመጥበት ይልቅ ይህ ምሕረት ነው።

ድሪቶው ግን ድሪቶ ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ጎረቤታም ጥርሶች ስፌቱ ጥቂት ስለ ሆነ ብርሃኑ ከሊጡ አያንስም፣ ብዙ ጊዜም ይበልጣል፤ ከግራ መንጋጋ ጫፍ እስከ ቀኝ መንጋጋ ጫፍ ሲሄዱ ግን በየስፌቱ ያለችው ኢምንት ስሕተት እየተደመረች ትሄዳለች። ደግሞም ብርሃን የሚይዘው ምልክት ይሻል። ጥርስ ያለበት አፍ ጕብጥብጥ ነውና ይመቸዋል፤ ጥርስ የሌለበት ድድ ግን ለስላሳ፣ እርጥብና የሚንሸራተት ስለ ሆነ፣ በጉም ቀን ደንቆሮ በሚባለው የቦረና ደን ውስጥ እንደ ገባ እንግዳ ያለፈበትን ዛፍ ካላለፈበት መለየት ያቅተዋል። በምራቅና በደም ላይም ይንሸራተታል፤ የሚያብረቀርቅ ብረትም ያታልለዋል፤ የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ነጭ ዱቄት ካልተነሰነሰላቸው ማየት አይችሉም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስተማረኝ ሌላ ነው። ብርሃን አይጫንም። ድድ ሲነኩት የሚሰምጥ ሥጋ ነው፤ ሰው ሲያኝክ ሰው ሠራሹ ጥርስ ድዱን ይጫነዋል፤ ችካሉ ግን ባለበት ይቆማል። ልምድ ያለው ሐኪም ሊጡን እያመዛዘነ ሲያስነክስ፣ ድዱን በእረፍቱ ሳይሆን በሥራው ላይ እንዳለ ይወስደዋል። ብርሃኑ የሚያነበው ተኝቶ ያለውን ድድ ነው። በዚህ ቅርጽ የተሠራው ጥርስ ባዶ አፍ ላይ ያምራል፤ እንጀራ ሲመጣ ግን በሁለቱ ችካሎች ላይ እንደ ሚዛን ሊወዛወዝ ይችላል። ስለዚህ ነው አስተዋዮች የችካሎቹን ስፍራ በብርሃን፣ የድዱን ጠባይ ደግሞ በሊጥ የሚወስዱት፤ ስለ ሁለቱ የሚደረገውን የኃይለ ቃል ክርክር እንደ ተራ የወገን ነገር የማየውም ስለዚሁ ነው።

መንገዱስ? ጅማ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሐኪሞች ይማራሉ፤ የብርሃኑ ዘንግ ግን ዋጋው በብዙ ሺሕ ዶላር ስለሚቈጠር ከዋና ከተማ ብዙም ርቆ አይገኝም። ዘንጉ ቢመጣም፣ የረቂቁ ቅርጽ መንገድ የራሱ ገደል አለው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በዐማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት በተቋረጠበት ጊዜ፣ ሺሕ ኪሎ ሜትር በዐይን ጥቅሻ የሚያልፈው ቅርጽ ሌላ መስመር በሌለበት ከአንድ ክፍል መውጣት አይችልም ነበር፤ በዚያው ወራት የሲሊኮኑ ሊጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ በተሳፋሪ ቦርሳ መጓዝ ይችል ነበር።

በሁለቱም መንገድ የደረሰው ጥርስ በመጨረሻ የሚታረቀው ደግሞ እዚያው አፍ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ሴቴዎቹን ማያያዣዎች በችካሎቹ ላይ አስቀምጦ፣ በሰው ሠራሹ ጥርስ ሆድ በተፈለፈለው ጎድጓዳ ያለ እሳት የሚደርቅ ሙጫ ጨምሮ፣ ታካሚው በልኩ ነክሶ እስኪጠነክር ድረስ ይጠብቃል፤ ማያያዣው በገዛ ስፍራው ይያዛል፤ በመንገድ የተጠራቀመው ስሕተት በዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ይዋጣል። ባለቤቱ ከሠሪው አጠገብ ተቀምጦ፣ እየሞከሩ እየፋቁ ከሚሠሩበት ከጉማሬ ጥርስ ዘመን ይህ ምን ያህል እንደ ራቀ እኔ እንጃ።

አንድ ጊዜ በአንድ ክሊኒክ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከወግዲ የመጡ አንዲት አረጋዊት የላይኛው ጥርሳቸው ገና በሰም ላይ እንደ ተደረደረ ሊሞከርላቸው ነበር። ቅርጹ በብርሃን ተወስዶ፣ ጥርሶቹ እንደ ዕንቍ በአንድ መስመር ተሰልፈው ነበር። ወጣቱ ባለሙያ መስታወት ሰጣቸው። እርሳቸውም ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፦

«ልጄ፣ ፍንጭቴስ?» አሉት።

እርሱ ዝም አለ። የቀድሞ አፋቸው ቅርጽ በጀሶም ሆነ በብርሃን በየትም አልተቀመጠም፤ በወጣትነታቸው የተነሡት አንድ ፎቶግራፍም፣ እንደ ዘመኑ ሥርዓት፣ ከንፈራቸውን ገጥመው ነበር።

«ስፋቱ ምን ያህል ነበር፣ እማማ?»

«የገብስ ቅንጣት ታሳልፋለች፤ የስንዴ ግን አታሳልፍም።»

ወጣቱ ቢላዋውን በእሳት አሙቆ፣ በሁለቱ የፊት ጥርሶች መካከል ያለውን ሰም እያለሰለሰ፣ ጥርሶቹን ጥቂት በጥቂት ያራርቃቸው ጀመር።